ሦስቱ ጉድጓዶች

የዛሬው ዝግጅት ሦስት ጉድጓዶችን ይጎበኛል። አንዱ ለንደን፣ ሁለተኛው ባንግላዴሽ፣ ሦስተኛው እዚሁ ስምጥ ሸለቋችን ውስጥ ወንጂ ይገኛል። የሦስቱም ውኃ ኩልል ያለ ነበር፤ ሦስቱም የጠጣቸውን ሰው ጎድተዋል። ታሪካቸው አንድ ላይ ሲሰማ ውኃ ማግኘትና የሚጠጣ ውኃ ማግኘት ለየቅል መሆናቸውን ያሳያል። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ለንደን ውስጥ፣ ብሮድ ስትሪት በተባለ ጎዳና ዳር ነበር። የእጅ ፓምፕ ተገጥሞለታል። የሰፈሩ ሰው ይህን ውኃ ይወደው ነበር፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው ይለዋል። ሱዛና ኢሊ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ከሰፈሩ ለቅቀው ራቅ ወዳለው ሃምፕስቴድ ከገቡ በኋላ እንኳ ጣዕሙ ከአፋቸው አልጠፋም። ልጆቻቸው እዚያው ብሮድ ስትሪት ላይ ፋብሪካ ስለነበራቸው ከፓምፑ እያስቀዱ በጋሪ ይልኩላቸው ነበር።

በ1854 ኦገስት 31 ሌሊት ኮሌራ ሰፈሩን መታው። በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 616 ደረሰ። ሃምፕስቴድ ኮሌራ አልገባም ነበር። ሱዛና ኢሊ ግን ከሰፈራቸው የመጣላቸውን ውኃ ጠጥተው ሞቱ።

በዚያ ዘመን ብዙው ሐኪም ኮሌራ የሚመጣው ከሚሸት አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን ጥርጣሬያቸው ውኃው ላይ ነበር። በየቤቱ እየገቡ ሟቾቹ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቁ፤ የሞተውን ሰው ሁሉ በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። ምልክቶቹ ፓምፑን ከብበው ቆሙ። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረሟቸው በሽታው ያልነካቸው ሰዎች ናቸው። እዚያው ጎዳና ላይ በነበረው የቢራ ጠመቃ ከሚሠሩት መካከል በኮሌራ የሞተ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጡ ነበር፣ ጠመቃውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከ500 በላይ ድሆች ይኖሩበት በነበረ አንድ መጠለያ ደግሞ የሞቱት 5 ሰዎች ብቻ ነበሩ። መጠለያውም በግቢው የራሱ ጉድጓድ ነበረው።

ሴፕቴምበር 8 ቀን የሰፈሩ ሹማምንት የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ። እርግጥ ያኔ ነዋሪው በብዛት ሸሽቷል፣ ወረርሽኙም መብረድ ጀምሯል። የብክለቱ መነሻ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባሉ የአጥቢያው ቄስ ምእመናኑን ሲጠይቁ፣ አንዲት እናት የታመመች ሕፃን ልጇን ጨርቅ አጥባ እጣቢውን ከቤቷ ፊት ባለ የፍሳሽ ጉድጓድ እንደደፋች ሰሙ። ቦታው ሲቆፈር የፍሳሽ ጉድጓዱ ግድግዳ ላሽቆ ተገኘ። ከውኃው ጉድጓድ የሚለየው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ስኖው በ1858 ሲያርፉ ሐሳባቸው ገና በሰፊው ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ኮሌራ አምጪውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ ለይተው ለዓለም ያሳወቁት ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ በአገራችን አተት እየተባለ የሚጠራው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲነሳ የጤና ባለሙያዎች በመጀመሪያ ውኃው ከየት እንደተቀዳ የሚጠይቁት ይህንኑ የብሮድ ስትሪት መንገድ ተከትለው ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሚሊዮኖች ናቸው።

ባንግላዴሽ ወንዝና ኩሬ የሞላባት አገር ናት። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ገጠሬው በብዛት የሚጠጣው ያንኑ የወንዝና የኩሬ ውኃ ነበር፤ ሕፃናትም በተቅማጥ ይረግፉ ነበር። መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ መላ ዘየዱ። ቀጭን ቱቦ መሬቱን ሰርስሮ ይገባል፣ ጫፉ ላይ የእጅ ፓምፕ ይገጠማል። ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውኃ ተቅማጥ ከሚያመጣው ጀርም በአብዛኛው ነጻ ነበር፤ ዋጋውም የሚቻል ነው። ገበሬው ጥቅሙን ሲያይ በራሱ ገንዘብ በየግቢው ማስቆፈር ያዘ። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር አልነበረም። ጉድጓዶቹ ከመቆፈራቸው በፊት ያልተመረመረ ግን አንድ ነገር ነበር። እሱም አርሴኒክ ነው።

ባንግላዴሽ የተኛችበት ደለል ከሂማላያ ተራሮች በወንዞች እየታጠበ የመጣ ነው። በደለሉ ውስጥ አርሴኒክ ከብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ይኖራል። አየር በማይደርስበት የከርሰ ምድር ንብርብር ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች የበሰበሰውን ዕፀዋት ሲመገቡ ዝገቱ ይሟሟል፤ አርሴኒኩም ይለቀቅና ከውኃው ይቀላቀላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

ጉዳቱም ቶሎ አይታይም። ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያ ደረትና ጀርባ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይወጣል። መዳፍና የእግር ውስጥ እየሻከረ፣ እንደ ኪንታሮት እየጠጠረ ይሄዳል። ሲቆይ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ይከተላል። የጎረቤት ሰው ሥጋ ደዌ መስሎት ይሸሻል፤ ልጃገረዶች ትዳር ያጣሉ። ታማሚው ደግሞ የበሽታውን መነሻ ሳያውቅ ጠዋት ማታ ያንኑ ፓምፕ እየገፋ ይጠጣል። በባንግላዴሽ ጉድጓዶች ውስጥ አርሴኒክ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ነው። በ2000 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ጉዳዩን በታሪክ ከታዩት የሕዝብ መመረዞች ሁሉ ትልቁ ሲል ገለጸው፤ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ሰው ለአደጋ መጋለጡንም ገመተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች መመርመሪያ ዕቃ ተሸክመው ከፓምፕ ፓምፕ መዞር ጀመሩ። መርማሪው በትንሽ ጠርሙስ ውኃ ይቀዳል፣ ዱቄት ይጨምርበታል፣ ክዳኑ ላይ ነጭ የወረቀት ቁራጭ ይሰካል። ባለቤቶቹ ከብበው ወረቀቱን ያያሉ። አርሴኒክ ካለ ከውኃው የሚነሳው ጋዝ ነጩን ወረቀት ወደ ቢጫ፣ ሲብስም ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ውጤቱ በመዝገብ ተዘግቶ አልቀረም። መጠኑ አገሪቱ ካስቀመጠችው ወሰን ካለፈ የፓምፑ አፍ ቀይ ይቀባል፤ ካላለፈ አረንጓዴ። ቀዩ ለልብስ ማጠቢያ፣ አረንጓዴው ለመጠጥ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይረዳዋል። በዚህ ዘመቻ ወደ 5 ሚሊዮን ፓምፖች ተመርምረው 1.4 ሚሊዮን ያህሉ ቀይ ተቀብተዋል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ለብዙ አድማጮች ቅርብ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 በአዋሽ ዳር የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በሸንኮራ እርሻው ዙሪያ ሰፈረ። ለሰፈሮቹ የሚጠጣ ውኃ ከከርሰ ምድር ይወጣ ጀመር። የአዋሽ ውኃ ድፍርስ ነው፤ የጉድጓዱ ደግሞ ጥርት ያለ። ማን ይጠራጠረዋል?

ስምጥ ሸለቆ ግን የእሳተ ገሞራ አገር ነው። በዚያ ዐለት ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ፤ ትኩስ የከርሰ ምድር ውኃ በዐለቱ መካከል ሲያልፍ ያሟሟዋል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ አካባቢ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ ተለክቷል።

በመጀመሪያ የሚናገረው የሕፃናት ጥርስ ነው። ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ ሳለ በፍሎራይድ ከተበላሸ ሲበቅል ቡናማ ሆኖ፣ አንዳንዴም ተቦርቡሮ ይወጣል። በመፋቂያ ቢፈገፈግ አይለቅም። ልጁ ጥርሱን ስለማይፍቅ ነው ተብሎ ይታማል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። አገሬው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል። እዚህ ግን ውኃው ሳቁንም ወስዶታል፤ ወጣቶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈን ይለምዳሉ። ብዙ ዓመት የጠጣ አዋቂ ላይ ደግሞ ፍሎራይዱ አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል። ወገብ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያ አልታዘዝ ይላል። ወደ ጎን ለማየት አንገቱን ማዞር አቅቶት መላ ሰውነቱን የሚያዞር ሰው ይገኛል። የወንጂ ሠራተኞች ጉዳይ በሐኪሞች ጽሑፍ ላይ መውጣት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለዚህ ችግር የተጋለጠው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል።

መፍትሔው ቀላል አይደለም፣ ግን አለ። ናልጎንዳ የሚባለው ዘዴ ስሙን ያገኘው ከሕንድ ከተማ ነው፤ ውኃው ውስጥ አሉምና ኖራ ተጨምሮ ይማሰላል፣ ፍሎራይዱም ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰልም ፍሎራይድን ይይዛል። ሁለቱም የማያቋርጥ ክትትልና ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ፍሎራይድ ያነሰበትን ውኃ ከሩቅ በቧንቧ ማምጣት ነው።

እዚህ ላይ የሦስቱ ጉድጓዶች ታሪክ ከዓለም የውኃ እጥረት ጋር ይገናኛል። ሰው አጠራጣሪ ውኃ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ስላጣ ነው።

የዓለም ውኃ ሁሉ በ100 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ቢሞላ 97ቱ ተኩል የባሕር ጨዋማ ውኃ ነው። ጨው የሌለበት ሁለት ጀሪካን ተኩል ብቻ ይተርፋል። ከዚያም ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በዋልታዎችና በተራሮች ላይ የተጋገረ በረዶ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከመሬት በታች ይገኛል። ዓባይ፣ አማዞን፣ ጣና፣ ቪክቶሪያ፣ የዓለም ወንዝና ሐይቅ ሁሉ ተደምሮ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። የሰው ልጅ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚወስደው ውኃ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ ይሄዳል።

ስሙ ለጆሯችን ቅርብ የሆነው ተመራማሪ መስፍን መኮንን ከአርየን ሁክስትራ ጋር በሆላንድ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ2016 አንድ ጥናት አሳተመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች የውኃ ፍጆታና አቅርቦትን በዓመት ሳይሆን በየወሩ አነጻጸሩ። በዓመት ሲታይ የሚበቃ የሚመስለው ውኃ በየወሩ ሲታይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። 4 ቢሊዮን ሰዎች በዓመት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ወር ከባድ የውኃ እጥረት ባለበት አካባቢ ይኖራሉ። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ጥም የሚፈራረቅበት አገር ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል።

የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። ሐይቁ ለሐረር ከተማ ለዐሥርት ዓመታት የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖሯል። በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ይሳብ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው አፈርም ወለሉን ይሞላው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረሪዎች ጀሪካን ይዘው ቦቴ መጠበቅ፣ ውኃ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነባቸው። ውኃው በኋላ በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ተቆፍሮ በረጅም ቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ መጣላቸው። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሶ ውኃ መያዙ ለአካባቢው ትልቅ ደስታ ሆኗል።

እጥረት ጥራትንም ይዞ ይወድቃል። ቧንቧ ውስጥ ውኃ ሳያቋርጥ ሲፈስ ግፊቱ ቆሻሻ እንዳይገባ ይከላከላል። ውኃ በፈረቃ ሲሆን ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ በተሰነጠቀው በኩል ከጎኑ ያለውን ፍሳሽ ይስባል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ውኃ የሚያመላክተው አንዳንዴ ይህንኑ ነው። ያንን ለመጠጥ አለመቅዳት፣ እስኪጠራ ለሌላ ሥራ ማዋል ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ መሠረት በ2022 በቤቱ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ከብክለት ነጻ የሆነ ውኃ የማያገኘው ሕዝብ 2.2 ቢሊዮን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 115 ሚሊዮኑ ከወንዝ፣ ከኩሬና ከሐይቅ በቀጥታ ቀድቶ የሚጠጣ ነበር። ውኃ ግቢያቸው ከማይደርስ 10 ቤተሰቦች በ7ቱ የመቅዳቱ ሥራ የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። አንድ የሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ2010 ጁላይ 28 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘትን ሰብአዊ መብት ብሎ ሲደነግግ 122 አገሮች ደግፈዋል፤ አንድም አገር በተቃውሞ ድምፅ አልሰጠም። መብቱ ከተደነገገ በኋላም ጀሪካኑ ከእናቶች ጀርባ አልወረደም።

ታዲያ ውኃው ቤት ከደረሰ በኋላ ምን ይደረግ? ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ እቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል። ጀሪካኑ በሳሙናና በጥቂት ጠጠር ተንጦ ይታጠብ፤ ውስጡ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ አልጸዳም። ሮቶም ሆነ ባልዲ ክዳን ይኑረው። ጣሳ እየነከሩ ከመቅዳት ዕቃው ላይ በተገጠመ ቧንቧ ወይም አዘንብሎ መቅዳት ይሻላል፤ እጅ የነካው ጣሳ የእጁን ቆሻሻ ውኃው ውስጥ ይተዋል።

ድፍርስ ውኃ በመጀመሪያ ይረፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል። በደቡብ በየጓሮው የሚበቅለው ሽፈራው ፍሬው ሲወቀጥ ድፍርሱን አያይዞ የማስመጥ ባሕርይ አለው። ውኃ ማጣራት ግን ጀርም መግደል አይደለም። ለዚያ ማፍላት ወይም ክሎሪን ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እሳት ላይ መቆየት አለበት። እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት የሚጨምር ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ተከትሎ ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቅ። ማገዶም ክሎሪንም ከሌለ የጠራ ውኃ በጠራ ሃይላንድ ሞልቶ ሙሉ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን አጋድሞ ማቆየት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ማፍላት ፍሎራይድንም አርሴኒክንም አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ንጥረ ነገሩ ይበልጥ ይወፍራል። ጀርምን ቤት ውስጥ መከላከል ይቻላል፤ ከዐለትና ከደለል የመጣውን ነገር የሚያጋልጠው ግን ምርመራ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ቦኖ ሲተከል፣ የሪባን መቁረጫው ቀን ሲደርስ መንደሩ ሁለት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው። ውኃው ተመርምሯል ወይ? ውጤቱስ ምን ይላል? ጥያቄው ለውኃ ኮሚቴው፣ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ወይም ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊቀርብ ይችላል። ምርመራውም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር አይደለም፤ ከጎርፍ በኋላ፣ ከጥገና በኋላ፣ የውኃው ቀለም ወይም ሽታ ሲለወጥ መደገም አለበት። መልሱ እንደ ባንግላዴሽ ፓምፖች በቀለም ተቀብቶ፣ ወይም በጉልህ ተጽፎ ቦኖው አጠገብ ቢቆም ጀሪካን ይዛ የመጣች ልጅ ሁሉ ታየዋለች።

ብሮድ ስትሪት ዛሬ ብሮድዊክ ስትሪት ይባላል። የድሮው ጉድጓድ በነበረበት አቅራቢያ የፓምፕ መታሰቢያ ቆሟል። እጀታ የለውም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። መንገደኛው ቆም ብሎ ለምን እጀታ እንደሌለው ይጠይቃል፣ አጠገቡ የቆመውም ታሪኩን ይነግረዋል።